በሰም የታሸገው መስኮት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ሣህሉ፣
ሚንስክ

በበረዶው አገር እግርዎን ከመንሸራተት፣ ደረትዎን ከብርድ የጣና ዳር ታቦታት ይጠብቁልን። እኛ ደህና ነን። አባባ ከማኅሌት ሲመለሱ ወረቀቱን እጄ ላይ አይተው «ይባረክ በለው» ብለዋል። ትንሿ እህቴ አደይ ፊደል ጀምራለች፤ እታች ያለውን የተንጋደደ «አ» የጻፈችልዎ እሷ ናት።

ስለ እህቴ ስለ ወለተ ሩፋኤል የላኩት የማጽናኛ ደብዳቤ ደርሶናል። አባባ ጎረቤት በተሰበሰበበት አነበቡት። «ፊደል ያስቆጠርኋት ልጅ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ስለ ተቋረጠ የቀረውን እኔ ጨረስሁት። በሐምሌ በሳንባ ምች እንደሞተች ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ ዛሬ አልጽፍም። ይህ ደብዳቤ ስለ መስኮት ነው።

ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት ለውስጠኛው ክፍል የመስታወት መስኮት ሠርተውልን ነበር። የወለተ ሩፋኤል አልጋ ከሥሩ ነው። እናቴ አልጋውን አላነሣችም፤ አደይን አቅፋ እዚያው ትተኛለች። ዝናሙ ቆሞ መስከረም ሲጋመስ ግን በክፈፉ ዙሪያ ስንጥቅ አየችና መስኮቱን አሸገችው። ለጧፍ የፈተለችውን ጥጥ በቀለጠ ሰም እየነከረች፣ ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ጠቀጠቀችው። የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ዘጋች፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ደፈነች። ሐዘን ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ለአብያተ ክርስቲያናቱ የምትሠራውን ጧፍም ወደዚያው አስገብታዋለች። የሰሙ ድስት ውሃና ሰም ይዞ ቀኑን ሙሉ ከሰል ላይ ሲንተከተክ ይውላል።

አሁን ጧት ጧት መስታወቱ በውስጥ በኩል ውሃ አዝሎ ያድራል። ይወርድና የመስኮቱን ደፍ ያረጥበዋል፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። አልጋው ራስጌ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። አደይ ትስላለች። ውጭ ዝናም የለም፤ ቆርቆሮውንም ወጥቼ አየሁት፤ አያፈስም።

የፊዚክስ መምህራችን ይህን ነገር በእንግሊዝኛ አስተምረውናል። ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ለእናቴ ላስረዳት ስቀመጥ ግን ምላሴ ተሳሰረ፤ ለካ ቃሉን እንጂ ነገሩን አላወቅሁትም። እርስዎ የሕንፃ ሥራ ይማራሉና በእኛው ቋንቋ ይንገሩኝ። ውሃው ከየት ይመጣል? ያ መስኮት መከፈት አለበት። አንዲት እህት ቀብሬያለሁ፤ አደይን በዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ አላያትም።

የእህትዎ ልጅ አምሐ

*

ሚንስክ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ ለአምሐ፣

እግዚአብሔር ለአባትህ ዕድሜ፣ ለአንተ ብርታት፣ ለቤቱ ሁሉ መጽናናት ይስጥ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ዓሥር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ እሱን ለመድሁት።

ደብዳቤህን አገላብጬ አየሁት። የእታለምን ሰላምታ ፈልጌ ነው። አባትህ አሉ፤ አደይ በተንጋደደ ፊደሏ አለች፤ እህቴ ብቻ የለችም። ሐዘን ነው ብዬ አለፍሁት።

አሁን ስለ ውሃው። አየር ውሃ ይሸከማል። አታየውም እንጂ ከአፋችሁ፣ ከድስቱ፣ ከረጠበ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሞቃት አየር ብዙ ይሸከማል፤ ሲበርድ ግን ጉልበቱ ያንሳል። ሌሊት ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ የሚቀዘቅዝ መስታወቱ ነው። የተጫነው አየር መጥቶ ሲነካው ይበርድና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ጧት ሐይቁ ዳር ደንገሉ ላይ የምታየው ጤዛ የመስኮቱ ውሃ ወንድም ነው። በፊት ቤታችሁ ውስጥ ይህ ውሃ ያልታየው፣ እንፋሎቱ በየስንጥቁ ይወጣ ስለነበር ነው። አሁን መውጫ አጣ።

እናትህን በዚህ አትፍረድባት። እዚህም ሰው ንፋስ ይፈራል። ብርዱ ሳይገባ መስኮታቸውን ልክ እንደሷ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል፤ በላዩ የወረቀት ጥብጣብ በሳሙና ይለጥፋሉ። ነገር ግን በትልቁ መስኮት ራስጌ ለብቻዋ የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለች፤ ፎርቶችካ ይሏታል። እሷን አያሽጉም። የመኖሪያችን ጠባቂ አሮጊት ናት። በረዶው እየወረደ በማለዳ ሰተት ብላ ትገባና ትከፍታታለች። «የሌሊት ትንፋሻችሁን መልሳችሁ ልትበሉት ነው?» ትለናለች። የመጀመሪያው ቀን ልትገድለን የመጣች መስሎኝ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ጸሎት ጀምሬ ነበር። አሁን እሷ ስትዘገይ ተነሥቼ የምከፍታት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ሞክር። ጧፍ አብርተህ በክፈፉ ዙሪያ ቀስ እያልህ አዙር። ነበልባሉ የተጎነበሰበት ቦታ ንፋስ ያልፋል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ አየር አይገባም፤ አይወጣም።

የከሰሉ ነገር አልጣመኝም። ውጭ ተቀጣጥሎ ነው የሚገባው? ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ያድራል? ይህን ሳትውል ሳታድር መልስልኝ። የእታለምን ጉልበት ሳምልኝ።

አጎትህ ሣህሉ

*

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ ሣህሉ፣

የአገርዎ አምላክ ከዚያ ጨለማ ያውጣዎ። ደብዳቤዎ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ደረሰኝ። የከፈተው ሰውዬ ቢያንስ ስለ ጤዛ አንድ ነገር ተምሯል።

ጧፉን አብርቼ ዞርሁ። ከላይ፣ ከታች፣ ከማጠፊያው በኩል፣ በየትም ነበልባሉ ቅንጣት አላዘነበለም። ልክ ወደ በሩ ስዞር እናቴ ገባች።

«በጠራራ ፀሐይ ጧፍ የምታበራው ለማን ነው?»

«ለመስኮቱ።»

«መስኮት መቼ ጸደቀና!» ብላ እፍ አለችብኝ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ ስለነበር ነው፤ እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ጎረቤታችን ያሉት መነኩሲት እናቴን ሊጠይቁ በማለዳ መጡ። መስታወቱን አዩት፤ ውሃው ገና እየወረደ ነበር። አማተቡና «ፅጌ ማርያም፣ ይህማ የልጅሽ ዕንባ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ቀን ሌሎች ሴቶች ይዘው መጡ። እናቴ እስከዚያ ቀን መስኮቱን ጠልታው፣ ከገና በኋላ በጭቃ ልታስመርገው ነበር። አሁን ጧት ጧት የወለተ ሩፋኤልን ነጠላ ታወጣና ውሃውን በጫፉ ታብሳለች፤ አጥፋም ሣጥን ውስጥ ትመልሰዋለች። ነጠላው መሽተት ጀምሯል። «እንክፈተው፤ አደይ ትስላለች» ብላት፣ «ዕንባዋን ልታደርቅብኝ ነው?» አለችኝ።

ስለ ከሰሉ፤ ውጭ ታቀጣጥለዋለች፤ ሌሊት ግን አደይን እንዲያሞቃት ብላ ከአልጋው ሥር ታሳድረዋለች። አደይ ጧት «ራሴን» ትላለች። ትናንት አስመለሳት። ደጅ ወጥታ ትንሽ ስትጫወት ይተዋታል።

እናቴ ሰላምታ ያልላከችው የገና ጧፍ በዝቶባት ነው። ሐሳብ አይግባዎ።

አምሐ

*

ቴሌግራም። ከሚንስክ። ታኅሣሥ 18

ከሰሉን አሁኑኑ ከክፍሉ አውጡ። መስኮቱን ክፈቱ። ሣህሉ

*

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ ሣህሉ፣

በሕይወት ስላሉ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ለወግ አይደለም፤ ለግማሽ ቀን ሞተው ነበር።

ቴሌግራሙ የመጣው እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ፖስተኛው ለእናቴ ሰጥቷት በብስክሌቱ ሄደ። እዚህ ሰፈር ቴሌግራም ለምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ደግሞም የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አባባን ጠርተው ሰጧቸው፤ እሳቸው ከፖስታዎችዎ ላይ የለመዱትን የከተማውን ስም ለይተው «ከሣህሉ አገር ነው» አሉ። ሌላ ምንም ማንበብ አልቻሉም። በቃ። ጩኸቱ ከዚያ ተነሣ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በሰው ሞልቶ፣ ለድንኳን የሚሆን ሸራ ከቀበሌ እየመጣ ነበር። እናቴ መሬት ላይ ናት። ወለተ ሩፋኤል ስትሞት እንኳ እንዲያ አልሆነችም። «ሰላምታ ነፍጌህ! ወንድሜ፣ ሰላምታ ነፍጌህ!» ትላለች፤ ደጋግማ፣ ሌላ ቃል የላትም። አባባ ወረቀቱን ሰጡኝና «አንብበው፤ መቼ እንደሆነ እንወቅ» አሉኝ።

አነበብሁት። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ሁለተኛ ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት እትዬ ሀቢባ፣ ከደጁ በኩል ሆና፦ «ሟቹ ስለ ከሰል ነው የሚጨነቀው?» አለች። አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ሸራውን ይዘው የመጡት ሰዎች ጭምር ሳቁ። ሊያለቅስ የመጣ ሰው እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አራግፋ ተነሣችና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለች፦ «በእንጨት መዝጊያ ያደግን ሰዎች ነን። መስታወቱን ማን ለመነው? ልጄን የመታት ንፋስ የገባው እሱ ባበጀው ቀዳዳ ነው። ደግሞ ዛሬ ክፈቱ ይለኛል!»

ጋሼ፣ ይህን ደብቄዎት ነበር። ሰላምታዋ የቀረው በጧፍ ብዛት አልነበረም። መሬት ላይ ወድቃ ያለችውንና ቆማ ያለችውን ግን አንዱን ከሌላው ነጥዬ ልጽፍልዎ አልፈለግሁም።

አባባ ብድግ ብለው ምድጃውን ከነእሳቱ ደጅ አወጡት። «ከሞት ተነሥቶ የላከውን መልእክት እምቢ አልልም» አሉ። የሰሙ ድስትም በረንዳው ላይ ሆኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ የአደይ ራስ ምታት ጠፍቷል። ሳሉ ግን አለ። ሻጋታው አለ። ውሃውም ቢቀንስ እንጂ አልቀረም፤ እናቴም መስኮቱን አላስነካም ብላለች።

እኔ አልተውሁትም።

አምሐ

*

ሚንስክ፣ ጥር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአምሐ፣

በሕይወት ሳለሁ እህቴ አልቅሳልኛለች። ይህ ለብዙ ሰው አይደርስም። ከደብዳቤህ ያንን ቦታ ብቻ ለአንድ የአገሬ ልጅ አነበብሁለትና ሁለታችንም ሳቅን።

እታለም ስላለችው አልከራከርም። ልጇን ያጣች እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ክፈፉ ዋንዛ ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሸሻል። መስከረም ላይ የታየው ስንጥቅ የበጋ ስንጥቅ ነው። በሐምሌ መስኮቱ እንዴት ነበር? እኔ አልነበርሁም፤ አላውቅም። አስታውስ። ያስታወስኸው በእኔ የሚፈርድ ቢሆንም እንዳትሸፍንልኝ።

ስለ ዕንባው ደግሞ፣ ክርክሩን ተወው። ሐዘንተኛን በፊዚክስ መርታት ነውር ነው፤ ደግሞም አትረታትም። በዓይኗ ትይ። ማንም ሳያድርበት፣ ድስትም ልብስም ሳይኖርበት ክፍሉ አንድ ሌሊት ባዶ ይደር። መጀመሪያ ግን መስታወቱን አድርቁት። ጧት እሷ ራሷ በሩን ትክፈት። አንተ ከኋላዋ ቁም፤ አፍህን ያዝ።

ወደ አገሬ ስመለስ በእህቴ ቤት ሌላ መስኮት አልሠራም። ይህን ንገራት፤ ወይም አትንገራት።

ሣህሉ

*

ባሕር ዳር፣ የካቲት 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ ሣህሉ፣

የኪዳነ ምሕረት በረከት እዚያ ድረስ ትድረስዎ። ዛሬ የሚጻፈው ብዙ ስለሆነ እጄን አሙቄ ነው የተቀመጥሁት።

ደብዳቤዎ ከደረሰ በኋላ ብዙ ቀን አስቤ፣ እናቴ ጧፍ ስትገምድ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ስለ እንፋሎትም ስለ ጤዛም አላነሣሁም። «የወለተ ሩፋኤል ዕንባ ከሆነ፣ እኛ እዚያ ብንተኛም ባንተኛም መስኮቱ ያለቅሳል አይደል?» ብቻ አልኋት።

እጇ ቆመ። «ለእኛ ብሎ አያለቅስም» አለች።

«እንግዲያው ለአንድ ሌሊት ሁላችን እደጀኛው ክፍል እንተኛ። ለብቻዋ እንተዋት።»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ለብቻዋ» የሚለውን ቃል ግን ወደደችው። ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ይሁን አለች። መስታወቱን በነጠላው ሳይሆን በደረቅ ጨርቅ ራሷ ወለወለችው፤ አልጋውን አነጠፈች፤ በሩን ዘጋች። እኛ አራታችን አንዱ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን አደርን። አባባ እንደሚያንኮራፉ ሳላውቅ ዓሥራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።

ሲነጋ እሷ ቀደመች። እኔ ከኋላዋ ቆምሁ፤ እንዳሉኝ አፌን ያዝሁ። በሩን ከፈተች። ጣናው በመስታወቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንድ የደንገል ታንኳ ከነቀዛፊው ያልፋል። መስታወቱ ላይ ጠብታ የለም። ደፉን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ነጠላው እጇ ላይ ነበር፤ የምታብስበት አጣችና አቅፋው ቆመች።

ጋሼ፣ በዚያች ሰዓት የሠራሁት መልካም መሆኑን ተጠራጠርሁ። ያለቻትን አንዲት ነገር የወሰድሁባት መሰለኝ። ልናገር ስል አደይ በእግሬ ሥር ሾልካ ገባች፤ እኛን ምኗም ሳታደርግ አልጋው ላይ ወጥታ ተንበረከከች። መስታወቱ ላይ አፏን አስጠግታ «ሃ» አለችበት። ወዲያው ጉም ለበሰ። ሌባ ጣቷን አውጥታ «አ» ጻፈችበት። ከፊደሉ እግር ሥር አንዲት ጠብታ ወርዳ ደፉ ላይ ቆመች።

እናቴ ጠብታዋን አየች። ከዚያ አደይን አየች።

«እንደገና በይ» አለቻት።

«ሃ!»

«እንደገና።»

አደይ ጨዋታ መስሏት ከዳር እስከ ዳር ተነፈሰችበት፤ መሀል ላይ ሳል ያዛት። እናቴ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች እጇን ያንን የረጠበ መስታወት ላይ አሳረፈች። «ለካስ የሟቿ አይደለም» አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። «ያለችውን ልጄን ነው በየጧቱ ሳብስ የከረምሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «ምን ቆመሃል? ቢላዋ አምጣ» አለችኝ።

ሰሙን ራሷ ፋቀችው። እንደ ጥብጣብ ረዥም ሆኖ እየተላጠ ሲወጣ አንድም አልጣለችም፤ ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። ለወለተ ሩፋኤል ሙት ዓመት የሚበራው ጧፍ ከዚያ ሰም ይሆናል ብላለች።

መጨረሻ ላይ መስኮቱን ገፋሁት። በጣቴ ጫፍ ተከፈተ። ያን ጊዜ የጠየቁኝን አነሣሁባት። «በሐምሌም እንዲህ በቀላሉ ነበር የሚከፈተው?» አልኋት። መልሱን እኔ አውቀው ነበር፤ ከእሷ አፍ እንዲወጣ ፈለግሁ።

ሻጋታውን በቢላዋው ትፍቅ ጀመር። ፍቃ፣ ፍቃ፣ «በሐምሌማ በመዳፏ ትደበድበው ነበር» አለች። «ክረምት ሲገባ እምቢ ይላታል። በታመመች ሰሞን አየር አጣሁ ብላ ልትከፍተው ብትል አልንቀሳቀስ አላት። እኔም ሞከርሁ። ደግሞ ይህ ብርድ ነው፤ ይቅርብሽ አልኋት።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ተዘግቶ ነበር፣ አምሐ። ገጥሞ ነበር። ጥጥ የሚያስገባ ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም።»

ከዚያ አለቀሰች። ይህን ለቅሶ አላስቆምሁትም።

አሁን ጧት ፀሐይ ስትወጣ እንከፍተዋለን፤ ማታ እንዘጋዋለን። ግድግዳውን ኖራ ቀብቼዋለሁ። አልጋውን ወደ በሩ በኩል አዛውረነዋል፤ ይህንን ያለችው እናቴ ናት። የአደይ ሳል በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ትናንት ግን ሌሊቱን ሳትስል አደረች። የእህቴ ነጠላ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሲወዛወዝ ሳየው ደረቴን ይወጋኛል። ቢሆንም አየዋለሁ።

እዚህ ላይ ልዘጋ ስል እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የጻፍሁትን አንብብልኝ አለች። አነበብሁላት። ማንኮራፋቱን ለአባባ እንዳላነብ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ «የእኔን ጨምርበት» አለችኝ። ቃል በቃል የጻፍሁት ይኸው፦

«ለወንድሜ ለሣህሉ። እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ እህትህ ፅጌ ማርያም ደህና ነኝ። ያችን አሮጊቷ የምትከፍትላችሁን ትንሽ መስኮት አምሐ ነገረኝ። ከትልቁ ራስጌ ላይ ቦታ አይቼላታለሁ፤ ዋንዛም አስመጥቼ ጥላ ሥር እንዲደርቅ አስቀምጬልሃለሁ። በእህቴ ቤት አልሠራም ማለትህን ሰምቻለሁ። እኔ ሌላ አናጢ አላስገባም።»